«አሉ» ባለቤት የለውም

ጧት ጧት ሥራ የሚጀመረው በመዋጮ ነው። ስድስታችን ከግድግዳው ፊት እንቆማለን፤ ትናንት ምን እንዳወቅንና ከማን እንዳወቅነው በየተራ እንናገራለን። ግድግዳው ይሰማል። የተናገርነው ቋት ውስጥ ይገባል፣ የማን ዕውቀት እንደሆነ ይለያል፣ ለባለቤቱም ድርሻ ይያዝለታል። ወር ሲያልቅ ድርሻው ከተወሰነው ልክ፣ ከወለሉ፣ በላይ የሆነ ይቀጥላል። በታች የሆነ ማስጠንቀቂያ ይደርሰዋል። ሦስት ወር ተከታትሎ በታች የዋለ ከሥራ ይሸኛል። ስለራስ የተነገረ አይቆጠርም። «ይህን ያገኘሁት እኔ ነኝ» ያለ ሰው ቢኖር ቋቱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ የግድ ሌላ ሰው ስሙን ጠርቶ «እሱ ነው ያሳየኝ» ሊልለት ይገባል።

ስለዚህ ሰው ስሙን ለማስጠራት የማይሆነው የለም። ጫኔ ምሳ ላይ ጨው ያቀብለኝና ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ምሳ ቤቱም ስለሚሰማ «ሽሮው ጨው እንዳነሰው ጫኔ ነገረኝ» እልለታለሁ። በማግስቱ እሱ ዝናብ ሊመጣ መሆኑን ከጥሩወርቅ ሰማሁ ይላል። ጥሩወርቅ እኔ ነኝ። ዝናቡን ጫኔም በመስኮት ያየው ነበር፤ ግን ውለታ ውለታ ነው። ድሮ «ዝም አይነቅዝም» ይባል ነበር አሉ። እኛ ቢሮ ዝም ያለ ሰው በሦስት ወሩ ነቅዞ ይወጣል።

ሥራችን ሊፍት መጠገን ነው። በከተማው በእኛ በኩል ከአርባ ፎቅ በታች ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ሊፍት ቆመ ማለት ኑሮ ቆመ ማለት ነው። ሥራው አይከብደኝም። የሚከብደኝ ከሠራሁ በኋላ ስለሥራው የማወራው ነው። አንድ ሞተር በግማሽ ቀን እንፈታለን፤ ማን ለማን ምን እንዳለ ለቋቱ ለማስረዳት ደግሞ ሌላው ግማሽ ቀን ያልቃል።

ከስድስታችን አንዱ ጋሽ ሶፎንያስ ናቸው። ስማቸው ራሱ ዕድሜያቸውን ይናገራል፤ ዛሬ ሶፎንያስ፣ ናሆም፣ ኤልዳና የሚባል ሰው ሽማግሌ ነው። የእኛ ወላጆች ወደ ቅድመ አያቶቻቸው ስም ተመልሰው ነው ጥሩወርቅና ጫኔ ያሉን። ጋሽ ሶፎንያስ መልአክ አይደሉም። አንድ ወሬ አሥር ጊዜ ይደግማሉ፣ ቀልዳቸው አያስቅም፣ ሊፍት ውስጥ ያፏጫሉ። ከሁላችን የበለጡ ሊቅም አይደሉም፤ የሚያውቁትን ያውቃሉ፣ የማያውቁትን እንደ እኛው ይጠይቃሉ። ግን አንቱ ናቸው። አንዳንድ ሰው አለ፣ ማንም ሳያዝህ አፍህ በራሱ አንቱ የሚለው። ሌሎች ቢሮዎች ውስጥ አንቱ የሚባል ሠራተኛ የለም፤ ሽማግሌው ወይ አንተ ሆኗል ወይ ተሸኝቷል። ለምን እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ቋቱ እኛ ቢሮ የደረሰው ከሌሎቹ ዘግይቶ፣ በዚያው በጋ ነው። በግንቦት መጨረሻ የጋሽ ሶፎንያስ ስም ለሁለተኛ ጊዜ ከወለል በታች ወጣ። ሰኔ ላይ ከደገመ ይሸኛሉ። ጡረታቸው ደግሞ ሐምሌ አንድ ቀን ነው። በጡረታ የወጣ ሰው የመሥሪያ ቤቱን ቤት እንደያዘ ይኖራል፤ የተሸኘ ግን ቁልፍ ያስረክባል። ባለቤታቸው እትዬ ኤልዳና አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመታት አልፈዋል፤ የሚረዷቸው ሐኪሞች ያሉት እዚያው ሕንፃ ሥር ነው። ከዚያ ቤት ከወጡ ወዴት እንደሚወስዷቸው ጋሽ ሶፎንያስም አያውቁም። ማስጠንቀቂያውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና የዚያን ቀን አላፏጩም።

እኔ ደግሞ ነገሩ ከቋት አልገባልሽ አለኝ። ሰውየው ሲያስተምሩን ነው የሚውሉት፤ ድርሻቸው የት ገባ? ቋቱን ከፈትኩና ፈለግሁ። ጫኔ አንድ ጧት «ክረምት ሲገባ የሊፍቱ በር እየተዘጋ መልሶ የሚከፈተው ጤዛ ሰው የሚያይበትን ዓይኑን እየጋረደው ነው፣ ዓይኑን ጥረጉለት፣ ጋሽ ሶፎንያስ እንዲህ አሉ» ብሎ ነበር። ቋቱ ውስጥ የጤዛውም የዓይኑም ነገር ተጽፏል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «ምንጭ፦ አሉ። ባለቤት፦ የለም። ዓይነት፦ አሉባልታ።»

መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ቀጥሎ ሌላውን ከፈትኩ፣ ሌላውንም። ሁሉም አሉባልታ ነው። አንድ የተከበረ ሰው ሲናገር «አሉ» እንላለን፤ ብዙ ሰዎች ሲናገሩም «አሉ» እንላለን፤ ማን እንደተናገረው የማይታወቅ ወሬም «አሉ» ነው። ቋቱ ከሦስቱ መርጦ የያዘው የመጨረሻውን ነው። ይባስ ብሎ ባለቤት የሌለው ዕውቀት ድርሻው ለሁሉም እኩል ይከፋፈላል። የእኔ ድርሻ ባለፉት ወራት ለምን እንዳማረበት ያኔ ገባኝ። ሰውየውን አንቱ እያልን፣ ከመቀመጫችን እየተነሳንላቸው፣ በአክብሮት እየበላናቸው ነበር። አፈርኩ። ንዴቱ ደግሞ ከሐፍረቱ ባሰብኝ።

ወደ በላይነሽ ሄድኩ። በላይነሽ ኃላፊያችን ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም፣ ራስ ምታት ግን አትወድም። እውነትሽን ነው አለችኝ፣ አሳዛኝ ነው አለችኝ፣ አቤቱታ አስገቢ አለችኝ። አስገባሁ። መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ያቀረቡት አቤቱታ ደርሶናል። ‹አሉ› ባለቤት የለውም።» ልብ በሉ፣ ለእኔ «ያቀረቡት» እያለኝ ነው። እኔን አንቱ ማለት ያውቅበታል፤ ሌላው ሲል ነው የማይገባው።

ስማቸውን ከግሱ አጠገብ ጽፌ ደግሜ ላክሁ። «ስሙ ነጠላ ነው፣ ግሱ ብዙ ነው። ስላልተስማሙ ስሙ ተሰርዟል» አለኝ። በሦስተኛው አቤቱታ «ሰው አገናኙኝ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሥጋና ደም ያለው፣ አማርኛ እናቱ ያስተማረችው ሰው። «ጉዳዩን ተመልክተው ተገቢውን ምላሽ ሰጥተዋል። ሠራተኞች በነጠላ እንዲናገሩ ይመከራል» የሚል መጣ። ማን ናቸው የተመለከቱት? አንድ ናቸው ብዙ? እሱም ባለቤት የለውም። ጠረጴዛውን በጥፊ አልኩት፤ የመታኝ እሱ ይመስል እጄን አመመኝ።

ቋቱ የማይሰማበት አንድ ቦታ አለ፤ የአሮጌው ሊፍት ጉድጓድ ሥር። ጋሽ ሶፎንያስ በሌሉበት አምስታችን እዚያ ወረድን። ያገኘሁትን ነገርኳቸው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ በመዋጮ ሰዓት «አለ» እንበላቸው፣ «አሳየኝ» እንበላቸው፣ ሌላ መላ የለም አልኩ። ጫኔ ድርሻው ወለሉን ትንሽ ነው የሚያልፈው፤ ከአሉባልታው የሚደርሰው ከቀረ እሱም አደጋ ላይ ነው። ይህን አውቆ እንኳ ሳያንገራግር ተስማማ። ሁላችንም ተስማማን። በላይነሽ ሳትቀር ይሁን አለች።

በማግስቱ መጀመሪያ የቆመው ጫኔ ነው። «ጋሽ ሶፎንያስ እንዳለ...» ብሎ ጀመረ። ጋሽ ሶፎንያስ አጠገቡ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመው ያዩታል። «...እንዳሉት» ብሎ ጨረሰና ተቀመጠ። ቀጣዩ ብልጥ ነኝ አለና «እንደተባለው» ብሎ አለፈ፤ እሱም ባለቤት የለውም። ተራው ደረሰኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስለማመደው ያደርኩት ዓረፍተ ነገር ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ፣ «እንደተነገረኝ» የሚል ወጣ። ያቀድኩት እኔ፣ ያስማማሁት እኔ። ጋሽ ሶፎንያስ ምን ነካችሁ ዛሬ፣ ውኃ ጠጡ አሉን።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሰኔ ተጋመሰ። በየጧቱ እንማማላለን፤ በየጧቱ ምላሳችን ይከዳናል። አንዱማ አንተ ከማለት ብሎ የተማረውን ጨርሶ መናገር ተወ። በዚህ አያያዝ ሰውየውን ልናድን ተነስተን ይበልጥ ልንቀብራቸው ነው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። ማወቅ አለባቸው፤ እሳቸው ከፈቀዱልን ምላሳችን ይፈታል ብዬ ነው።

ቤታቸው ሠላሳ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ነው። እትዬ ኤልዳና መስኮቱ ሥር ተኝተዋል፤ ፊታቸው ወደ ደመናው ነው። ሁሉንም ዘርዝሬ ነገርኳቸው፤ አሉባልታውን፣ ድርሻ ክፍፍሉን፣ አቤቱታውን። ጋሽ ሶፎንያስ ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«አንተ ልትሉኝ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው፣ ጋሼ። መዋጮ ላይ ብቻ።»

እንደማይሆን ነገሩኝ። ሥራ ሲጀምሩ ሁሉም አንተ እያላቸው ዕቃ አመላላሽ እንደነበሩ፣ አንቱ የተባሉበትን የመጀመሪያውን ቀን እስከ ዛሬ እንደሚያስታውሱት፣ አንቱታውን የሰጠቻቸውም ዳቦ ቤት ያለች አንዲት ልጅ እንደሆነች አጫወቱኝ። ይህን ወሬያቸውን ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም። እኔም አልተውኳቸውም፤ ነገረኛ ነኝ።

«እግዚአብሔርም እኮ አንተ ነው የሚባለው» አልኳቸው።

«የእሱ ክብር ከሰው አፍ አይመጣም» አሉኝ። «የእኔ ግን ሌላ የሚመጣበት የለውም።»

እንግዳ መሸኘት አይተዉምና ሊፍቱን ሊጠሩልኝ ቀድመው ወጡ። እኔ ነጠላዬን ሳስተካክል እትዬ ኤልዳና ፊታቸውን ከመስኮቱ ሳይመልሱ ልጄ ብለው ጠሩኝ።

«በይው» አሉኝ። «እኔን ተሸክሞ ወዴት ይሄዳል? እኔ ፈቅጄልሻለሁ፣ በይው።»

ወጣሁ። ጋሽ ሶፎንያስ የሊፍቱን በር በእጃቸው ይዘው ይጠብቁኛል። እስክወርድ ድረስ ቀና ብዬ አላየኋቸውም።

የሰኔ መጨረሻው መዋጮ የወር መዝጊያ ነው፤ የወሩ ነገር ሁሉ ሊነሳ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ግን ይዘጋል። ጋሽ ሶፎንያስ ኮታቸውን ለብሰው መጥተዋል። ሰው ሲሸኝ ይለበሳል። በላይነሽ ማን ይጀምር ብላ ሳትጨርስ ተነሳሁ።

«ሶፎንያስ» አልኩ። ጋሽ የለም፣ ምንም የለም። ስሙ ባዶውን ሲወጣ የሌላ ሰው ስም መሰለኝ። «የበሩን ዓይን መጥረግ ያስተማርከን አንተ ነህ። ገመዱ ሲያረጅ ድምፁ እንደሚለወጥ የነገርከኝ አንተ ነህ። የተዘጋባቸው ሰዎች እንዳይደነግጡ መጀመሪያ ስማቸውን ጠይቂ ያልከኝ አንተ ነህ። አንተ ነህ።»

ቀስ ብዬ ልል ነበር ያሰብኩት። ግን አንድ ጊዜ ከጀመርኩ በኋላ የወሩ ንዴት ሁሉ አብሮ ወጣ፤ ንዴቱ በቋቱ ነበር፣ የወረደው በእሳቸው ላይ ነው። አንተ አንተ እያልኩ ጮህኩ። በሩ ላይ የቆመ አንድ ባለጉዳይ ጠብ ነው ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ። በዕድሜዬ ካመሰገንኩት ሰው ሁሉ አብልጬ ያመሰገንኩት እሳቸውን ነው፤ የሰማ ሰው ግን ስድብ ነው የሚለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ይሄ ደግሞ ወለምታም አይደለም፣ አውቄ ነው ያልኩት።

«ጨረስሽ?» አሉኝ።

«ጨርሻለሁ።»

የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉና ወጡ። ግድግዳው ላይ ስማቸው ተነስቶ ከወለሉ በላይ ሲቀመጥ አየን። ጫኔ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳና መልሶ አወረደው። እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቤቱ ተርፏል፣ እትዬ ኤልዳና መስኮታቸው ሥር ይተኛሉ፤ እሱን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት። አልረዳኝም።

በማግስቱ ሐምሌ አንድ ነው። ጋሽ ሶፎንያስ ጡረተኛ ሆነው ዕቃ ሊያስረክቡ መጡ። ጡረታ የሚወጣ ሰው የመጨረሻ መዋጮ ይናገራል፤ ደንብ ነው። ከግድግዳው ፊት ቆሙ፣ እኔን ግን አላዩኝም።

«እዚህ ቤት ስኖር ትልቁን ነገር የተማርኩት ከወይዘሪት ጥሩወርቅ ነው» አሉ። «እሳቸው ትናንት የተናገሩትን ለመናገር እኔ ዕድሜ ልኬን ድፍረቱ አልነበረኝም። ባለቤቴንም ቤቴንም ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ይኑሩልኝ።» ግራ እጃቸውን ቀኝ ክንዳቸው ሥር ደግፈው፣ ጎንበስ ብለው ጨበጡኝ። ሽማግሌ ለእኔ።

ይቅር ብለውኝ ነው ወይስ ቀጥተውኝ? እስከ ዛሬ ቆርጬ አልተናገርኩም። «አሉ» ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ፤ ቤታቸው ድረስ ሄጄ የነገርኳቸው እኔ ነኝ። ግን እሳቸው እንዳሉት ክብር ከሰው አፍ ነው የሚመጣው፤ ለእኔ የሚሰጡት ሌላ ምን ነበራቸው? ግድግዳውን አየሁት። «ባለቤት፦ የለም። ዓይነት፦ አሉባልታ» ብሎ ጽፏል።

ጀማሪው ጫኔ ነው። እትዬ አለኝ አንድ ቀን። ከእኔ የሚያንሰው በሁለት ዓመት ብቻ ነውና ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ሌሎቹም ተከተሉት። ከዚያ ጧት በኋላ እኔን አንቺ ማለት ከበዳቸው፤ ፈርተውኝም ሊሆን ይችላል፣ አክብረውኝም። «እትዬ ጥሩወርቅ እንዳሉት» ይላሉ፣ «እሳቸው ያሳዩኝ» ይላሉ። ጋሽ ሶፎንያስን ለማዳን ወር ሙሉ እምቢ ያለ ምላስ፣ እኔን ለማጥፋት ሲሆን እንደ ውኃ ፈሰሰ። በሐምሌ መጨረሻ ስሜ ከወለል በታች ወጣ። በነሐሴም ደገመ። ጳጉሜን ቋቱ ወር ብሎ አይቆጥራትም።

በላይነሽ ጠርታ ምነው አንቺ በሉኝ አትያቸውም አለችኝ፤ እሷ ራሷ «አትያቸውም» ለማለት ሁለት ጊዜ ተንተባተበች። እውነቷን ነው፣ ቀላል ነው፤ አንድ ቃል ነው። ጫኔንና ሌሎቹን ጉድጓዱ ሥር ሰብስቤያቸው ወረድኩ። መሰላሉን ስጨርስ ሁሉም ከተቀመጡበት ብድግ ብለው «ኖር» አሉኝ። ኖር የሚል ሰው በዚህ ዘመን አለ ብዬ አላስብም ነበር። «በእግዜር፣ ተቀመጡ» አልኩ። ተቀመጡ፣ ምን ልትል ነው ብለው አዩኝ። አልዋሽም፣ ጣፈጠኝ። ያችን ዳቦ ቤት ያለች ልጅ አሰብኳት። ስለ አንድ ያረጀ ሞተር አውርቼ ወጣሁ።

ዛሬ መስከረም ሊያልቅ ነው። የወር መዝጊያው ነገ ነው። ቁልፌን ማንም ሳይጠይቀኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። በቋቱ ብናደድ ደስ ባለኝ፤ ሦስት አቤቱታ ጻፍኩና ሦስቱንም አጠፋኋቸው። ምን ብዬ ልክሰስ፣ አከበሩኝ ብዬ? ቅድም አንድ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሞ፣ ከአርባ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወርዶ እያለከለከ፣ ሊፍታቸውን ባለፈው የጠገንኩላቸው እኔ እንደሆንኩ ተናግሮ ጠየቀ።

«እትዬ ጥሩወርቅ አሉ?»

ጫኔ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «አሉ» አለው።

ግድግዳው ሰምቶ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ ለማየት አልዞርኩም። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «አለሁ» አልኩ።

ስለራስ የተነገረ አይቆጠርም።